ወደ ሌላ ባሕር የወሰደው ወንዝ

እ.ኤ.አ. በጁን 1789 አሌክሳንደር ማኬንዚ የተባለ ስኮትላንዳዊ የአውሬ ቆዳ ነጋዴ በሰሜን ካናዳ ከአታባስካ ሐይቅ በታንኳ ተነሣ። ሐሳቡ ፓሲፊክ ውቅያኖስ መድረስ ነበር። ከግሬት ስሌቭ ሐይቅ የሚወጣው ወንዝ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ስለሚያዘነብል ተስፋ ሰጠው። ኋላ ግን ተራሮች ወንዙን ወደ ሰሜን መለሱት፤ በጁላይ ራሱን ያገኘው በረዶ በሞላበት የአርክቲክ ባሕር ዳርቻ ነው።

መሳሳቱ አይገርምም። የሚገርመው ወንዙ በስሙ መጠራቱ ነው! መንገድ ከመሩት መካከል የአገሬው ሰዎች ነበሩ። ዴኔዎች ወንዙን ዴቾ ይሉታል፤ «ትልቁ ወንዝ» ማለት ነው።

ይህ 1,738 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ወንዝ ወደ ሰሜን መፍሰሱ ዛሬም ሰው ያፈናቅላል። ፀደይ ሲገባ ቀድሞ የሚሞቀው ደቡቡ ነው። የላይኛው በረዶ ተሰባብሮ ሲወርድ የታችኛው ገና እንደጠነከረ ይጠብቀዋል። በረዶው ተደራርቦ ውሃውን ይገድበዋል፤ ወንዙም ከዳርቻው ይወጣል። በሜይ 2021 የፎርት ሲምፕሰን ነዋሪዎች ቤታቸውን ጥለው የወጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ከተማዋ ያለችው ሊያርድ የተባለው ገባር ከማኬንዚ ጋር በሚቀላቀልበት ቦታ፣ ደሴት ላይ ነው። ነጋዴዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጣቢያ ተከሉባት፤ የዛሬ ስሟም ከእነርሱ ዘመን የመጣ ነው። ዴኔዎች ለቦታው ያላቸው ስም ግን «ወንዞች የሚገናኙበት» ማለት ነው።