ግድግዳው ከሰፈር፣ ጣራው ከመርካቶ

ዛሬ የምናነበው ስለ አንድ ቤት ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ክፍል አለው። ከፊቱ ሜዳ አለ፤ በሜዳው መካከል ባንዲራ የሚሰቀልበት እንጨት ቆሟል። አወቃችሁት አይደል? የገጠር ትምህርት ቤት ነው።

ታሪኩን የምንጀምረው ግን ከአዲስ አበባ፣ ከተክለ ሃይማኖት ነው። ለምን ቢባል፣ ከዚያ አልፋችሁ ወደ መርካቶ ስትዘልቁ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጡ ሱቆች ታገኛላችሁ። ከየአገሩ ገንዘብ አዋጥተው የተላኩ ሽማግሌዎች ለብዙ ዓመት ወደ መርካቶ መጥተዋል። ዋጋ ጠይቀው፣ ተከራክረው፣ ቆርቆሮውን በመኪና አስጭነው ተመልሰዋል። የብዙ ትምህርት ቤት ጣራ ከዚህ ሄደ።

ከዚያ በፊትስ? ከዚያ በፊት ልጆች ፊደል የሚቆጥሩት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነበር። የኔታ ከዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ልጆች በዙሪያቸው ይሰበሰባሉ። አንዱ ሀሁ ይላል፤ ሌላው አቡጊዳ፤ ትልቁ ዳዊት ይደግማል። በሙስሊሙም ዘንድ ልጆች ቁርኣን የሚቀሩት መምህራቸውን ከበው ነው። ሁሉም የየራሱን ስለሚያነብ ወደ አንድ ሰሌዳ ማየት አያስፈልግም። ስለዚህ ዛፍም፣ ክብ ጎጆም ይበቃ ነበር።

ዘመናዊ ትምህርት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1901 ዓ.ም በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1917 ዓ.ም የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከተለ። በእነዚህ ቤቶች ተማሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ያያል። ለዚህ ደግሞ አራት ማዕዘን ክፍል ይሻላል። ቆርቆሮም እንዲሁ ነው፤ አራት ማዕዘን ስለሆነ በክብ ጎጆ ላይ ልምታው ብትሉ እሺ አይልም። ባቡር በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ከባድ ዕቃ ማስገባት ቀለለ። ቆርቆሮ እየተስፋፋ ሲሄድ ቤቱም ከክብ ወደ አራት ማዕዘን ዞረ።

ነገር ግን ትምህርት ቤቶቹ ብዙ ጊዜ በከተማ ቀሩ። በ1940 ዓ.ም መንግሥት የትምህርት ግብር የሚባል አዋጅ አወጣ። ግብሩ የተጣለው በመሬት ላይ ነው። መሬት ያለው ደግሞ በገጠር ነው። እንግዲህ ገንዘቡ ከገጠር ተሰበሰበ፤ ትምህርት ቤቱ ግን በአብዛኛው ከተማ ተሠራ። በ1966 ዓ.ም አካባቢ እንኳ፣ በአገሪቱ ለአንደኛ ደረጃ ከደረሱ ልጆች የሚማሩት ከአምስት አንዱን አያህሉም ነበር። ገበሬው ልጁን ማስተማር ሲፈልግ፣ ግብሩን ከፍሎ ሲያበቃ ቤቱን ደግሞ በገዛ እጁ መሥራት ነበረበት። ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው።

እንዴት ሠራው? እስቲ እንየው። በመጀመሪያ የባሕር ዛፍ ይቆረጣል። ጉድጓድ ተቆፍሮ ቋሚው ይተከላል። በቋሚው ላይ ማገር አግድም ይታሰራል፤ ሚስማር ከሌለ በልጥ። ከዚያ አፈርና ውኃ ይደባለቃል፤ የጤፍ ጭድ ይጨመርበታል። ጭቃው በእግር ይረገጣል፤ ቀናት ይቆያል። ሳይቦካ የተመረገ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ይህን ሥራ መሐንዲስ አላስተማራቸውም፤ የየቤታቸው ግድግዳ ነው። ሴቶች ውኃ ያመላልሳሉ፤ ወንዶች ይመርጋሉ። ሥራው በደቦ ስለሆነ ጠላውም ቆሎውም አይቀርም።

እስከዚህ ድረስ ገንዘብ ብዙ አያስፈልግም። ጭንቁ ጣራው ላይ ነው። ሣር ከየሜዳው ይታጨዳል፤ ግን ያፈሳል፤ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፤ እሳትም ይፈራል። ቆርቆሮ ግን በገንዘብ ነው። በዚህ ጊዜ የአገር ልጅ ይፈለጋል። በመርካቶ የሚነግዱ የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ ዓ.ም ለአገራቸው መንገድ ማሠሪያ ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ ያዋጡ ነበር፤ ትምህርት ቤትም አሠርተዋል። ሱቅ ውስጥ የሚውል ሰው ከአገሩ ለመጣ ሽማግሌ ገንዘብ ከከለከለ ለበዓል አገር ቤት ሲገባ ምን ይለዋል?

በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የስዊድን መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥራ ከኢትዮጵያ ጋር ተባበረ። ሕዝቡ ድርሻውን ያዋጣል፤ ቀሪው በእርዳታ ይሟላል። በዚህ መንገድ በየጠቅላይ ግዛቱ ብዙ ክፍሎች ተሠሩ።

ቤቱ ጉድለት የለውም አልልም። ዝናብ ሲወርድ ቆርቆሮው ይጮሃል፤ መምህሩ ቢጮሁም አይሰማም፤ ዝናቡ እስኪያባራ ልጆቹ ሰሌዳ ይገለብጣሉ። ቀን ፀሐይ ሲበረታ ጣራው እንደ ምጣድ ይግላል። የቋሚውን ሥር ምስጥ ይበላዋል፤ ስለዚህ ከታች የድንጋይ መሠረት ያለው ቤት ዕድሜው ይረዝማል። አንድ መልካም ነገር ግን አለው፤ መስኮት። የጥንቱ ጎጆ ብርሃን የሚያገኘው በበሩ ነበር። ትምህርት ቤቱ በጎንና በጎን መስኮት ስላለው መጨረሻ ወንበር የተቀመጠ ልጅም ፊደሉን ያያል።

ከሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም ጀምሮ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመላ አገሪቱ ሲካሄድ፣ ይህ ቤት ሌላ እንግዳ አገኘ። ቀን ልጆች የተማሩበት ክፍል ማታ በፋኖስ ተከፈተ። ጭቃውን የረገጡት አባቶች፣ ውኃውን ያመላለሱት እናቶች ገቡ። ወንበሩ ለልጅ የተሠራ ስለሆነ ጉልበታቸው ከጠረጴዛው በላይ ቀረ። አንዳንዱ ወንበሩን ትቶ፣ ጋቢውን አጣጥፎ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ስሙን መጻፍ ጀመረ።