በመርከብ ሆድ የተሻገረው እንግዳ

ጭነቷን ያራገፈች መርከብ ባዶዋን ብትጓዝ ሚዛኗን መጠበቅ ይሳናታል። ስለዚህ ከወደቡ ውሃ ቀድታ ታንኮቿን ትሞላለች፤ አዲስ ጭነት በምትቀበልበት ወደብም ትደፋዋለች። ቀድሞ ለዚሁ ተግባር ድንጋይና አሸዋ ያገለግሉ ነበር። ድንጋዩን የተካው ውሃ ግን የባሕር ፍጥረታትን እንቁላልና እጭ ይዞ ይሻገራል።

የዚህን መዘዝ ጥቁር ባሕር በገሃድ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1982 የአሜሪካ አትላንቲክ ጠረፍ ተወላጅ የሆነው ኔሚዮፕሲስ የተባለ ዝልግልግ እንስሳ በዚያ ተገኘ፤ ያመጣውም የመርከብ ሚዛን ውሃ እንደሆነ ይታመናል። በአዲሱ ባሕር የሚበላው ጠላት አልነበረውም። የዓሣ እንቁላልንና እጭን፣ እንዲሁም የዓሣ ምግብ የሆኑትን ጥቃቅን ነፍሳት እየበላ በ1989 እጅግ በዛ። አስቀድሞም ከልክ በላይ ይጠመድ የነበረው አንቾቪ የተባለው ዓሣ ክፉኛ ተመናመነ፤ የአጥማጆቹም ኑሮ ተናጋ።

እፎይታው የመጣው ከሌላ እንግዳ ነው። በ1997 በጥቁር ባሕር የታየው ቤሮዬ የተባለ እንስሳ ኔሚዮፕሲስን እየበላ ቁጥሩን ቀነሰው። ይህ ግን ዕድል እንጂ የሰው ጥበብ አልነበረም፤ ኔሚዮፕሲስ በ1999 በካስፒያን ባሕርም ተገኝቷልና።

መርከቦች የሚዛን ውሃቸውን ከመድፋታቸው በፊት እንዲያጣሩ ወይም በሌላ ዘዴ እንዲያክሙ የሚያደርሰው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2004 ለንደን ላይ ጸደቀ፤ በሥራ ላይ የዋለው ግን በ2017 ነው። እንግዳው በጥቁር ባሕር ከታየ 35 ዓመት አልፎ ነበር። በባሕር ውስጥ ተዋልዶ የተስፋፋን ፍጥረት መልሶ መልቀም ስለማይቻል፣ ጥንቃቄው ሁሉ ውሃው ሳይደፋ መሆን ይገባዋል።