ፈረሰኛው ሱስንዮስና ‹ዱም ኢተርናል›

የአያቴ ክታብ በቀይ ቆዳ የተሰፋ ነበር፤ ከአንገቷ ሲወርድ አይቼ አላውቅም። አያቴ የኖረችው አዲስ ዘመን አጠገብ፣ ከጣራ ገዳም ግርጌ ነው። ከወለደቻቸው ሦስቱን በሕፃንነታቸው ቀብራለች። ስትሞት ክታቡ ተፈታ። በብራናው ራስ ላይ ዓይኑ የፈጠጠ ፈረሰኛ አንዲት ሴት በጦር ወግቶ ተስሏል። ፈረሰኛው ሱስንዮስ ነው። የተወጋችው ደግሞ ሕፃናት ገዳይዋ ወርዘልያ።

ሥዕሉ ትዝ ያለኝ በቅርቡ ደብረ ታቦር አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት በር ላይ ቆሜ ነው። እንደ አብዛኞቹ እዚያም የሚነግሠው የኳስ ጌም ነው፤ ጥግ ላይ ግን አንድ ልጅ ‹ዱም ኢተርናል› ይጫወታል። ልጇን ፍለጋ የመጣች እናት ስክሪኑን አየችና አማተበች። «ከሰይጣን ጋር ይጫወታሉ!» አለች። አልተሳሳተችም፤ ስክሪኑን የሞላው ሰይጣን ነው። ብቻ ሰይጣኖቹ እየሞቱ ነው።

እስቲ ስለዚህ ጌም እንደ ቁም ነገር እናውራ።

ዱም ከተጫዋቹ ልጅ በዕድሜ እጥፍ ይበልጣል። ኢድ ሶፍትዌር የሚባል ትንሽ የአሜሪካ ቡድን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1993 አወጣው። የመጀመሪያውን ክፍል በነፃ ስለበተነው በየኮምፒውተሩ ተዛመተ፤ ሁለተኛውም በዓመቱ ተከተለ። በ1999 በኮሎምባይን ትምህርት ቤት ተማሪዎችን የፈጁት ሁለት ወጣቶች ዱም ተጫዋቾች ነበሩና ጌሙ በአሜሪካ አደባባይ ተወገዘ። የደብረ ታቦሯ እናት ያኔ እዚያም ብዙ አምሳያ ነበራት። በ2016 ጌሙ እንደ አዲስ ተሠራ። የዚያ ተከታይ የሆነው ኢተርናል የወጣው በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 11 ቀን 2012 ነው፤ ኮሮና አገራችን ገባ በተባለ በሳምንቱ፣ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ በአራተኛው ቀን።

ብርታቱ ምንድን ነው? ተጫዋቹን ከግድግዳ ጀርባ እንዲደበቅ አይፈቅድለትም። ጥይት ሆን ተብሎ ትንሽ ተደርጓል። ሲያልቅ ጋኔኑን በሞተር መጋዝ ሰንጥቀህ ጥይት ታገኛለህ። ስትቆስል የተዳከመውን ጋኔን ቀርበህ በእጅህ ጨርሰህ ጤና ትወስዳለህ። ጥሩር ሲያምርህ እሳት ትለቅበታለህ። መዳኛህ ያለው ከጠላትህ ዘንድ ስለሆነ በፈራህ ቁጥር ወደፊት መሮጥ አለብህ። ጀግንነትን በትረካ ሳይሆን በሕግ የሚያስተምር ጌም ጥቂት ነው፤ በዚህ ረገድ ከ2016ቱ ይበልጣል ባይ ነኝ። የሚክ ጎርደን ሙዚቃም እንደ ሽለላ ደም ያፈላል። (ሙዚቀኛው ከሠሪዎቹ ጋር በአልበሙ ምክንያት ተጣልቶ በ2022 ረጅም የአቤቱታ ጽሑፍ ማውጣቱ ሌላ ታሪክ ነው።)

ድካሙም ከዚያው ከብርታቱ ይወጣል። ሠሪዎቹ ጨዋታቸው እንደታሰበው እንዲጫወቱት ስለፈለጉ ነፃነት ቀንሰዋል። በውጊያ መሐል መስኮት እየከፈቱ «ይህን ጋኔን በዚህ መሣሪያ ምታው» ይሉሃል። ማራውደር የተባለው መጥረቢያ ያዡ ደግሞ ዓይኑ አረንጓዴ ብልጭ እስኪል ርቀት ለክተህ ካልጠበቅከው በቀር ጋሻውን አያወርድም፤ ያ ሁሉ ሩጫ ድንገት ቆሞ ትዕዛዝ መጠበቅ ይሆናል። ከገደል ገደል መዝለሉን አልወደድኩትም። ወለሉ ላይ የተደፋው፣ እግር ይዞ መዝለል የሚከለክለው ወይን ጠጅ ጭቃማ ማን እንደፈለገው አላውቅም።

እኔን የቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ጌሙ ውስጥ አንድ አባት አለ፤ «ከሐዲው» ይሉታል። ልጁ ሞቶበት፣ ከሞት እንዲያስነሱለት ሲል ወገኖቹን ለገሃነም አሳልፎ ሰጠ። ልጁ ተነሣ፤ የተነሣው ግን እንደ ተራራ የገዘፈ ጭራቅ ሆኖ ነው። የመጨረሻው ትልቁ ጠላት እሱ ነው። አባትየው ለጀግናው ጩቤ ሰጥቶ የልጁን ስቃይ እንዲያቆምለት ይልከዋል። ከዚህ የከበደ ነገር ጌሙ ውስጥ የለም፤ የተሰጠው ጊዜ ግን የጥቂት ደቂቃ ነው። ዝርዝሩ ማንም በማያነበው የመዝገብ ገጽ ውስጥ ተቀብሯል። በቀረው ሰዓት ጋኔን ማለት ጥይትና ጤና የተሞላ ጆንያ ነው።

የሱስንዮስ ጸሎት የሚጀምረውም ከሞተ ልጅ ነው። ሰውየው አገባ፣ ወንድ ልጅ ወለደ፤ ወርዘልያ መጥታ ገደለችበት። የእናቲቱን ልቅሶ ሰምቶ ጦሩን ይዞ በፈረስ ወጣ። መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት ጠየቀ፤ ወደ አትክልቱ ሥፍራ ገብታለች አለችው። ከፈረሱ ወርዶ ጸለየ፤ ከዚያ ወጋት። እሷም የእርሱ ስም ባለበት እንደማትደርስ ማለች። ደብተራው ይህን ሲጽፍ የባለክታቧን ስም በመካከሉ ያስገባል። ቤተ ክህነት ክታብን አትወድም፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ገና በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጥንቆላ ላይ ዘምተው ነበር። ግን ልጅ የቀበረች ሴት ሁሉ ይህን ታሪክ ስታስነብብ የራሷን ሐዘን ትሰማበታለች። በስንክሳር በሚያዝያ 26 ንባብ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ገዳይዋ የገዛ እኅቱ ናት።

እንግዲህ የእኛው ይሻላል ብዬ ልጨርስ ነበር። አልችልም። ጋኔኑ የዘመድ ፊት ሲኖረው፣ የጎረቤት ፊትም ይሰጠዋል። በዚሁ በጎንደር ምድር ማረሻችንን የቀጠቀጡልን፣ ጀበናና እንስራችንን የሠሩልን ቤተ እስራኤሎች «ቡዳ» ተባሉ፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተባለ። ልጅ በታመመ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደ ቀጥቃጩ ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ከ14,000 በላይ የሚሆኑት በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲበሩ ያንን ስም ተሸክመው ነው የሄዱት። የኢተርናል ሰይጣኖች ቢያንስ የማንም ጎረቤት አይደሉም። እኛ ግን ዛሬም ፌስቡክ ከፍተን ያልተስማማንን ሰው በጋኔን ስም ስንጠራ፣ ተከታይ ክፍል እየሠራን ያለነው ለየትኛው ታሪክ እንደሆነ እናውቃለን።

ፕሌይስቴሽን ቤቱ ውስጥ ያ ልጅ ከሐዲው ዘንድ ሲደርስ አየሁት። አባትየው ስለ ልጁ መናገር ሲጀምር በተኑን ተጭኖ አሳለፈው። «ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ዝም ብሎ ወሬ ነው» አለኝ፤ ወዲያው መተኮስ ጀመረ።