የሚበላ ምጽዋትና የሚዘራ ምጽዋት

ከአውድማ የገባ እህል ሁለት ዕጣ አለው፤ አንዱ ወደ ወፍጮ፥ አንዱ ወደ ማሳ ይሄዳል። የሚበላው ዛሬን ያሳልፋል፤ የሚዘራው የሚመጣውን ዓመት ያመጣል። ስለዚህ ገበሬ በክፉ ቀን እንኳ ዘሩን የሚነካው ሌላው ሁሉ ባለቀበት ጊዜ ነው። ምጽዋትም እንደዚሁ ነው። ለተራበ እንጀራ፥ ለታረዘ ልብስ መስጠት ታላቅ ትሩፋት ነውና ማንም አያቃልለው። ነገር ግን ሐኪምን ለማቆም፥ አዋላጅን ለማስተማር የተሰጠ ገንዘብ ሰጪው ከሞተ በኋላም ይበቅላል። ይህን ነገር በምሳሌ ብቻ ሳይሆን በታሪክ ለማስረዳት ከአገራችን ምዕራብ፥ ከኢሉባቦር የበለጠ ቦታ አይገኝም።

ዳሪሙ በኢሉባቦር ውስጥ፥ ወደ ወለጋ አዋሳኝ የሚገኝ የቡናና የደን አገር ነው። ዝናሙ ረጅም፥ አፈሩ ለም ነው። ዳሩ ግን ቡናውን የሚያለመልመው ዝናም መንገዱን ጭቃ ያደርገዋል። በክረምት ሌሊት ምጥ የጸናባት ሴት ብትኖር ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ፥ ወንዝ ተሻግሮ፥ ጤና ጣቢያ እስኪያደርሳት ድረስ ስንት ሰዓት ያልፋል? እናቶቻችን እርጉዝን «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብለው የሚመርቁት፥ የወለደችውንም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚሏት ያለ ምክንያት አይደለም። በእርግዝናና በሞት መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል አጭር እንደ ሆነ ያውቁ ነበር።

በዚህ አገር ዘመናዊ ሕክምና የገባው ከሌላ አገር በተሰበሰበ ስጦታ ነው። ዶክተር ቶማስ ላምቢ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1919፥ በሱዳን በኩል ወደ ሳዮ መጡ። (ከዚህ በታች የሚጻፉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያም በጊዜው የኢሉባቦር መናገሻ በነበረችው በጎሬ፥ በራስ ናደው ግዛት ሕክምና ከፈቱ። የሥራቸው ወሬ አዲስ አበባ ደረሰና ራስ ተፈሪ በዋናው ከተማ ሆስፒታል እንዲያቆሙ ጠየቋቸው። መሬቱን ራስ ተፈሪ ሰጡ፤ ገንዘቡን ጆርጅ የተባለ በኦሃዮ የሚኖር የሸክላ ዕቃ ፋብሪካ ባለቤት ሰጠ። በጉለሌ የቆመው ያ ሆስፒታል በኋላ የበሽታ ምርምር ቤት ሆነ፤ ስፍራው ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ሰጪውም ሐኪሙም ካለፉ ብዙ ዓመት ሆነ፤ ሥራው ግን መልኩን ለውጦ ቀጠለ።

ሁለተኛው ታሪክ የሚጀምረው በልቅሶ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በለንደን የነርስነትን ሙያ ተምረው ነበር። የንጉሥ ልጅ የሕሙማንን አልጋ ማንጠፍና ቁስል ማጠብን ክብር ብላ መያዟ ለዚያ ዘመን ትልቅ ትምህርት ነበር። ከድል በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1942 ልጅ አቢይ አበበን አገቡ፤ ባለቤታቸውም የወለጋ ገዥ ስለ ነበሩ ወደ ነቀምቴ ሄዱ። ካገቡ አራት ወር ሳይሞላቸው፥ በነሐሴ ወር፥ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በዚያው ዐረፉ። የተማሩት ሙያ የሰውን ሕይወት ለማዳን ነበር፤ ራሳቸውን የሚያድን ግን በአጠገባቸው አልተገኘም። ልብ በሉ፤ የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ያላዳነ ርቀት የገበሬውን ልጅ እንዴት ያድናታል?

ይህ ሐዘን ግን በልቅሶ ብቻ አልቀረም። በፋሺስት ወረራ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ የተሟገተችው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ለልዕልቲቱ መታሰቢያ የሚሆን ሆስፒታል እንዲቆም ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረች። ሆስፒታሉም በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ስፍራው ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል በመባል ይታወቃል።

በዚህ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ፥ አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና የኒውዚላንዱ ተወላጅ ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን በ1959 ለሦስት ዓመት ውል መጡ። ሦስቱ ዓመት የዕድሜ ልክ ሆነ። ምክንያቱም ሲመጡ ያላሰቡትን ሕመም አገኙ፤ ይኸውም ፊስቱላ ነው። ምጥ ቀናት ሲፈጅ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ገላ ከዳሌዋ አጥንት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ደም ሳይደርሰው የቆየው ገላ ይሞትና በፊኛዋ፥ አንዳንዴም በአንጀቷ ላይ ቀዳዳ ይከፈታል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል፤ እናቲቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽንቷን መቆጣጠር አይቻላትም። ባሏ ይርቃታል፤ ጎረቤት ይሸሻታል፤ እርስዋም ኃጢአቴ ነው ብላ ጎጆ ውስጥ ትቀመጣለች። ነገሩ ግን ኃጢአት አልነበረም፤ የመንገድና የአዋላጅ እጦት ነበር።

ሁለቱ ሐኪሞች በ1974 ለዚህ ሕመም ብቻ የሚሆን ሆስፒታል በአዲስ አበባ መሠረቱ። ሕክምናው ያለ ዋጋ ነበር፤ ዛሬም ያለ ዋጋ ነው። ወጪውን የሸፈኑት በአውስትራሊያ፥ በእንግሊዝና በሌሎችም አገሮች ጥቂት በጥቂት ያዋጡ ሰዎች ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። እስካሁንም ከ60,000 በላይ ሴቶች በዚህ መንገድ ታክመዋል። ዶክተር ሬጂናልድ በ1993 ዐረፉ፤ ዶክተር ካትሪን እስከ ሽምግልናቸው ሠርተው በ2020 በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ጽሑፍ ቁም ነገር የሚሆነው የታከሙት ቁጥር አይደለም። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በልጅነታቸው በዚሁ ሕመም ተይዘው ለመታከም የመጡ፥ ማንበብ እንኳ ያልተማሩ የገጠር ሴት ነበሩ። ከተፈወሱ በኋላ በዚያው ቀርተው አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ፤ ቀጥሎ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ መሣሪያ ማቀበል፥ ኋላም ራሳቸው መስፋት ተማሩ። በመጨረሻም የሠለጠኑ ሐኪሞችን ሳይቀር ያስተማሩ ቀዶ ሐኪም ሆኑ፤ በ1989ም ከሁለቱ ሃምሊኖች ጋር ከለንደን የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳይ ተቀበሉ። ለአንዲት ሕመምተኛ የተሰጠ ምጽዋት ሌሎችን የሚያድን እጅ ሆነ ማለት ነው። ዘር የምንለው ይህን ነው።

ሐኪሞቹም ቁስል መስፋት ብቻውን እንደማይበቃ ያውቁ ነበር፤ ከምንጩ ካልተገደበ ጎርፍን በእንስራ መጨረስ አይቻልምና። ስለዚህ በ2007፥ ማለት መጀመሪያ ለአዋላጆች ትምህርት ከመጡ ከ48 ዓመት በኋላ፥ የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ከየገጠሩ የመጡ ልጃገረዶች ተምረው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይመለሳሉ። ሕክምናውም ከአዲስ አበባ ወጣ፤ ከባሕር ዳር፥ ከመቀሌ፥ ከይርጋለምና ከሐረር ቀጥሎ አምስተኛው ማዕከል በ2010 በመቱ ተከፈተ። ከዳሪሙና ከሌላው የኢሉባቦር ወረዳ የምትመጣ ሴት ከዚያ ወዲህ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ አዲስ አበባ መድረስ አላስፈለጋትም። በዚያው በመቱ ያለው ሆስፒታልም «ካርል» የሚለውን ስም ይዟል፤ ይህም በ1981 «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት ካቋቋሙት ከኦስትሪያዊው ተዋናይ ከካርል ሃይንስ በም የመጣ ስም ነው።

አሁን አንድ ሰው ተነሥቶ «ይህ ሁሉ የባዕድ ገንዘብ ነው፤ በሰው እጅ መታከም አያሳፍርምን?» ቢል ጥያቄው መናቅ የለበትም። የባዕድ ስጦታ ጊዜ አለው፤ ሰጪው በአገሩ ችግር ሲደርስበት ወይም ልቡ ወደ ሌላ ሲያዘነብል ምንጩ ይደርቃል። እውነት ነው። ዳሩ ግን የሚያሳፍረው መቀበል አይደለም፤ ተቀብሎ በልቶ መቀመጥ ነው። የተቀበለ ሰው ተምሮ፥ እርሱም በተራው ለሌላው ቢሰጥ ዕዳውን ከፈለ ይባላል።

ደግሞ የበጎ አድራጊ እጅ ብቻውን አገር አያቀናም። በ2000 በተደረገው የሕዝብ ጤና ጥናት በኢትዮጵያ 100,000 ሕፃናት በሕይወት ሲወለዱ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ግን ቁጥሩ ወደ 412 ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይህ በአንድ ሆስፒታል የመጣ ለውጥ አይደለም። መንግሥት ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው ያሰማራቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፥ የተሠሩት ጤና ጣቢያዎችና መንገዶች ድርሻ አላቸው። ቢሆንም 412 እናት ገና ብዙ እናት ናት፤ እያንዳንዷም ስም አላት፥ ልጆችም አሏት።

ለእኛ ምን ቀረልን? ከገጠር እስከ ከተማ ዕድር የሌለበት መንደር እምብዛም አይገኝም። ለቀብር ድንኳኑ፥ ወንበሩ፥ ገንዘቡ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ለሞተው ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሕዝብ ለምታምጠው ቃሬዛና የመኪና ኪራይ አስቀድሞ ማዘጋጀት እንዴት ያቅተዋል? በአንዳንድ ስፍራ የቃሬዛ ማኅበር መኖሩ የሚቻል ነገር መሆኑን ያሳያል። የቡና ነጋዴም ከትርፉ ጥቂት ቀንሶ አንዲት የመንደሩን ልጅ አዋላጅነት ቢያስተምር፥ ለተዝካር ካወጣው የሚበልጥ መታሰቢያ ያገኛል። ጆርጅ የጉለሌን በሽተኞች በስም አያውቃቸውም ነበር፤ ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ያዋጡትም ሰዎች ገንዘባቸው አንድ ቀን መቱ የሚደርስ ሥራ እንደሚጀምር አላወቁም። እኛ ግን የምንረዳትን ሴት እናውቃታለን፤ ጎረቤታችን ናትና።