ሕዝብ ሁለት ጊዜ ሲጠየቅ

በአገራችን የሙግት ሥርዓት በፍርዱ ያልረካ ተሟጋች ይግባኝ እያለ ከአንዱ ችሎት ወደ ሌላው መውጣቱ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ መረታቱ ብቻ አይበቃውም፤ ፍርዱ ምን እንደ ጎደለው ማስረዳት ይገባዋል። ዳኛው ራሱ ሕዝብ በሆነ ጊዜ ግን ይግባኙ ለማን ይቀርባል? ከሕዝብ በላይ ችሎት የለምና ነገሩ ተመልሶ ወደ ሕዝቡ ከመቅረብ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ይህም ጥያቄ በአውሮፓም፣ በእኛም አገር በሥራ ተፈትኗል።

የዴንማርክ ሕዝብ የአውሮፓን አንድነት የሚያጠብቀውን የማስትሪክት ውል እ.ኤ.አ. በሰኔ 1992 በ50.7 በመቶ ድምፅ አልቀበልም አለ። መንግሥቱም በገንዘብ፣ በመከላከያ፣ በፍትሕና በዜግነት ጉዳይ አገሩ ከውሉ ነጻ እንድትሆን ተደራድሮ፣ በግንቦት 1993 ሕዝቡን እንደ ገና ጠየቀ፤ 56.7 በመቶው ተቀበለ። አየርላንድም እ.ኤ.አ. በ2001 የኒስን ውል፣ በ2008 የሊዝበንን ውል እምቢ ብላ፣ ሁለቱንም ከአንድ ዓመት በላይ ቆይታ በሁለተኛው ድምፅ ተቀበለች። በኒስ ጊዜ መጀመሪያ ድምፅ የሰጠው ከመራጩ 35 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ በሁለተኛው ግማሽ ያህሉ ወጥቷል። ኖርዌይ ግን በ1972 እምቢ ብላ፣ ከ22 ዓመት በኋላ ስትጠየቅም እምቢታዋን አጸናች። ፈረንሳይና ሆላንድ በ2005 የአውሮፓን ሕገ መንግሥት ከጣሉ በኋላ፣ ተሻሽሎ የመጣው የሊዝበን ውል የጸደቀው በምክር ቤቶቻቸው ነው፤ ሕዝቡ እንደ ገና አልተጠየቀም። ከዚህም የተነሣ ብዙዎች «ሕዝብ የሚጠየቀው መንግሥት የወደደውን እስኪመልስ ድረስ ነውን?» ብለው አጥብቀው ተከራከሩ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ፒያሳ የሚለው ቃል በጣልያንኛ አደባባይ ማለት ነው። ሐዋሳም እንደ አዲስ አበባ ፒያሳ የሚባል ሰፈር አላት፤ ከተማዪቱም ራስዋ ለብዙ ዘመን የብዙ ሕዝቦች አደባባይ ሆና ኖራለች። በሽግግሩ ዘመን አምስት ክልሎች ተዋሕደው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል በተመሠረተ ጊዜ መናገሻው ሐዋሳ ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 47 እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱን ክልል የመመሥረት መብት እንዳለው ደነገገ፤ ጥያቄው በምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከጸደቀ፣ የክልሉ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ እንዲያደራጅ አዘዘ።

የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ጥያቄውን በሐምሌ 2010 አጸደቀ። የአንዱ ዓመት ቀጠሮ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ሲደርስ ሕዝበ ውሳኔው አልተካሄደም ነበር፤ በተነሣውም ሁከት የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። ቀጠሮ ማፍረስ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ ይታያል። ኅዳር 10 ቀን 2012 መራጩ ሻፌታና ጎጆ ምልክት ሆነው በቀረቡለት ሁለት አማራጮች ላይ ድምፁን ሰጠ፤ 98.51 በመቶው ክልል መሆንን መረጠ። ሐዋሳም የሲዳማ ክልል መናገሻ ሆነች።

ከአውሮፓው ጋር በይበልጥ የሚነጻጸረው ግን የወላይታ ነገር ነው። የወላይታ ዞን ምክር ቤት በታኅሣሥ 2011 ለብቻው ክልል ለመሆን ጠይቆ ነበር። ዳሩ ግን ጥር 29 ቀን 2015 ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች ድምፅ ሲሰጡ የቀረበላቸው ጥያቄ በአንድነት አዲስ ክልል ይመሥርቱ ወይስ በነበሩበት ይቆዩ የሚል ነበር። የራሱን ክልል የሚሻ ሰው አሳቡን በወረቀቱ ላይ አላገኘውም። በብርቱካን ሚደቅሳ ሰብሳቢነት ይመራ የነበረው ምርጫ ቦርድ በወላይታ ዞን ከባድ የሕግ ጥሰት መፈጸሙን መርምሮ የዞኑን ድምፅ ሰረዘ። ሰኔ 12 ቀን 2015 ሕዝቡ ዳግመኛ ወጣ፤ ውጤቱም ለአዲሱ ክልል ሆነ። በነሐሴም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ አሮጌው ክልል ፈርሶ መሥሪያ ቤቶቹ ከሐዋሳ ወደ ወላይታ ሶዶና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄዱ። በሐዋሳ ቤት ሠርቶ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አስገብቶ ይኖር ለነበረው የመንግሥት ሠራተኛ የድምፅ መስጫው ወረቀት የጓዝ ማንሻ ትእዛዝም ሆነ።

እንግዲህ ሁለቱን ዓይነት ድግግሞሽ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። በዴንማርክና በአየርላንድ አቈጣጠሩን የነቀፈ አልነበረም፤ ድምፁ ንጹሕ ነበር፤ ሕዝቡ ዳግመኛ የተጠየቀው ጥያቄው በአዲስ ተስፋና ዋስትና ተሻሽሎ ስለ ቀረበ ነው። በወላይታ ግን ጥያቄው ያው ነበር፤ የተሰረዘው አሰጣጡ ስለ ተበላሸ ነው። የፊተኛው አሳብን እንደ ገና መመርመር ነው፤ የኋለኛው የረከሰውን ሚዛን አጥቦ እንደ ገና መመዘን ነው። ለሚዛኑ መታጠብ ተቃዋሚ ሊኖረው አይገባም፤ የተሰረቀ ድምፅን ማጽናት ለባለ ድምፁ አክብሮት አይደለምና።

ሆኖም ሚዛኑ ስለ ነጻ ብቻ ነገሩ ሁሉ ቀና አይሆንም። ቦርዱ የአሰጣጡን ጉድለት አርሟል፤ የጥያቄውን ጉድለት ግን ሊያርም ሥልጣን አልነበረውም፤ ከሁለቱ አማራጮች አንዱንም የማይሻ ዜጋ በሰኔም እንደ ጥር ዝም ብሎ ተመለሰ። ስለዚህ ሕዝብን ደግሞ የሚጠይቅ መንግሥት ሦስት ነገር ሊያሟላ ይገባዋል። ድምፁ የሚደገምበትን ምክንያት በግልጥ ይናገር፤ ያው ጕድለት ለእርሱ በሚስማማው ውጤት ላይ ቢገኝም በዚያው ሕግ ይሰርዝ፤ ጥያቄውም ሕዝቡ ከሚከራከርበት ነገር ጋር የሚገናኝ ይሁን። እነዚህ ከተሟሉ ሁለተኛው ድምፅ የፊተኛውን ያከብረዋል፤ ከጐደሉ ግን ሕዝብ በሦስተኛው ቀን ከቤቱ አይወጣም። አገርን የሚጎዳውም ሕዝብ እምቢ ማለቱ አይደለም፤ መልሱ እንደማይሰማ አውቆ ዝም ማለቱ ነው።