«ታዛቢ» ስለሚለው ቃል

በየመሥሪያ ቤታችን ጨረታ ሲከፈት ወይም የንብረት ርክክብ ሲደረግ «ታዛቢ በተገኘበት» የሚል ቃል በቃለ ጉባኤው ላይ መጻፉ የተለመደ ነው። ቃሉን ዘወትር እንጽፈዋለን፤ የያዘውን ፍሬ ነገር ቆም ብለን የመረመርን ግን ጥቂቶች ሳንሆን አንቀርም።

«ታዛቢ» ከ«ታዘበ» የወጣ ቅጽል ሲሆን «ታዛቢ ሰው»፣ «ታዛቢ ዓይን» እያልን እንናገርበታለን። ታዛቢ ማለት እንዲያው ተመልካች ማለት አይደለም። ተመልካች ያያል፤ ታዛቢ ግን ያየውን በልቡ ይመዝናል። አንድ ሰው ወዳጁን «ታዘብሁህ» ሲለው ያ ወዳጅ የሚያፍረውም ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ትዝብት በልብ ውስጥ ተዘግቶ እስከ ቀረ ድረስ ለተበደለው ሰው አንዳች አይጠቅምም። ምስክርነት የሚሆነው ያየው ሰው ቀኑንና ቦታውን ለይቶ በስሙ ሲናገር ነው። ለዚህም የደሴ ከተማ ታሪክ መልካም ምሳሌ ይሆነናል።

ዛሬ የደሴ ሰው ለጉዳዩ ወደ ፒያሳ ሲሄድ፣ የሚጠራው ስም በጣልያንኛ «አደባባይ» ማለት መሆኑን ልብ አይለው ይሆናል። ስሙ ራሱ የወረራው ዘመን ትራፊ ነው። ነገር ግን ደሴ ያን ጠላት አስቀድማ ያወቀችው በእሳት ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በደሴ ሰፍረው ጦርነቱን ይመሩ በነበረበት ጊዜ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች መጥተው በከተማይቱ ላይ ቦምብ አዘነቡ፤ በማግሥቱም ደገሙ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ።

በዚያን ቀን በደሴ የተገኙት የውጭ አገር ሐኪሞችና ጋዜጠኞች ከተዋጊዎቹ ወገን ያልነበሩ ታዛቢዎች ነበሩ። ሐኪሞቹ በመታዘብ ብቻ አልቀሩም፤ ያዩትን ጽፈውና ፈርመው ጄኔቭ ለነበረው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር በቴሌግራም አስታወቁ። ጋዜጠኞቹም ወሬውን ለዓለም አሰሙ። ማኅበሩ ግን ወራሪውን አላስቆመውም፤ ደሴም ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. በጠላት እጅ ወደቀች።

እንግዲህ «ታዲያ መመስከራቸው ምን ጠቀመ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ምስክርነት በግዕዝ «ስምዕ» ይባላል፤ «ሰማ» ከሚለው ቃል ጋራ ሥሩ አንድ ነው። ሰሚ ባይገኝ ግን የተጻፈ ቃል ሰሚ እስኪመጣ ይቆያል። ኢትዮጵያ ነጻነቷን ከመለሰች በኋላ የተፈጸመባትን ግፍ በሰነድና በመሐላ ቃል አስደግፋ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮን አቀረበች። ኮሚሲዮኑም በ1940 ዓ.ም. ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ ጣልያኖችን ለመክሰስ በቂ ምክንያት መኖሩን ተቀበለ። ሰዎቹ በኢትዮጵያ ላይ ስላደረሱት በደል ለፍርድ ሳይቀርቡ መቅረታቸው የሚያሳዝን ነው፤ ማስረጃው ግን አልጠፋም።

አላየሁም ማለት ማስረጃ እንደማይሆን የሚያስረዳ ሌላ ምሳሌም ከዚያው ጦርነት እናገኛለን። በመኮንንነት የዘመተው ጣልያናዊ ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ፣ በዘመተበት ሁሉ የመርዝ ጋዝ አላየሁምና አልተጣለም እያለ ለብዙ ዘመን ተከራከረ። የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ግን በሰነድ እያስደገፈ ሞገተው። በመጨረሻም በ1988 ዓ.ም. የጣልያን መከላከያ ሚኒስትር ጋዙ መጣሉን ባመኑ ጊዜ ሞንታኔሊ ስሕተቱን ተቀበለ። በስፍራው መገኘቱ እውነት ነበር፤ ስሕተቱ ዓይኑ ያልደረሰበትን ሁሉ እንዳልተደረገ መቍጠሩ ነበር።

ስለዚህ በጨረታ ሣጥን ወይም በንብረት መዝገብ ፊት ለታዛቢነት የተጠራ ሰው ያላየውን «አየሁ» ብሎ አይፈርም፤ ያላየውንም «አልተደረገም» ብሎ አይክድም። ያየውን ግን ከነቀኑና ከነሰዓቱ አስጽፎ ስሙን ከበታቹ ያኑር። የደሴ ሐኪሞች ያደረጉት ይህንኑ ነበር።