ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር፦ የአንድ መዝገበ ቃላት ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

«ግእዝ መማር እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር? ምን መጽሐፍ ልያዝ?» የሚሉ ወጣቶች በርካታ ናቸው። ጥያቄው ለአባቶቻችንም እንግዳ አልነበረም። መልሱን በመጽሐፍ ለማኖር ግን ሦስት ሊቃውንት ተቀባብለው ደክመዋል።

አስቀድሞ መልሱ ራሱ መምህሩ ነበር። ግእዝ የሻ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ፣ ወደ ዋድላ ወይም ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅም ይሄዳል። በቅኔ ቤት ሰዋስው ብቻውን አይጠናም። ተማሪው ግሱን ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ወዲያው ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና መቁጠር ይጀምራል፤ ሰሙንና ወርቁን በአንድ ቃል አስማምቶ ያቀርባል፤ መምህሩም ያርመዋል። አንድ ቃል ሁለት ምሥጢር እንዲሸከም ለማድረግ የሚደክም ሰው የቃሉን ፍቺና እርባታ ሳያውቅ ሊያልፍ አይችልምና፣ የቃል ጨዋታው ራሱ ትምህርት ነበር። (ዛሬ ቅኔን የአዋቂዎች መራቀቂያ ብቻ አድርገን ማየታችን ያሳዝናል።) ነገር ግን ቅኔ ቤት መሄድ ያልተቻለው ሰው ምን ይሁን?

መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግእዝ መዝገበ ቃላት የጀመሩት ለዚህ የሚበጅ ሥራ ነበር። ሳይፈጽሙት ሥራውን ለደቀ መዝሙራቸው ለኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ሰጡ። አለቃ ኪዳነ ወልድ በኢየሩሳሌም ረጅም ዘመን ተቀምጠው ዕብራይስጥን፣ ዐረብኛንና ሱርስትን ከግእዝ ጋር እያነጻጸሩ አጥንተዋል። እርሳቸውም በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥራው ገና አልታተመም ነበር። አደራውን የተቀበሉት ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ለኅትመት የበቃው በ1948 ዓ.ም.፣ ከደራሲው ዕረፍት 12 ዓመት በኋላ ነው። አለቃ ደስታ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተሙት ከዚያ በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. መሆኑን ልብ በሉ፤ የመምህራቸውን አስቀደሙ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በአማርኛ አንደበታችን ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ አንድ ድምፅ ሆነዋል። በግእዝ ግን ሰአለ ማለት ለመነ፣ ሠዐለ ማለት ሥዕል ሣለ ነው። እመቤታችንን «ሰአሊ» ስንል ለምኚልን ማለታችን ነው፤ በ«ሠ» እና በ«ዐ» የጻፈው ሰው ግን ሥዕል ሣዪልን ብሏል። እንዲሁ መሐረ ይቅር አለ ነው፤ መሀረ ደግሞ አስተማረ። በመዝሙር ደብተሮቻችን ላይ እንዲህ ያለው ግድፈት ስንት ጊዜ ታይቶ ታልፏል? ጆሮ አይለየውምና ዐይን ካልለየው ጸሎታችን በጽሑፍ ሌላ ትርጉም ይዞ ይቀራል።

መጽሐፉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገልጥ ወጣት ሁለት ነገር ያስቸግረዋል። አንደኛው፣ ቃላቱ በሥራቸው የተሰበሰቡ መሆናቸው ነው፤ መጽሐፍ የሚለውን የሚሻ ጸሐፈን፣ ምሕረት የሚለውን የሚሻ መሐረን ይፈልግ። ሁለተኛው የፊደሉ ተራ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ የተከተሉት እኛ የለመድነውን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ሳይሆን አ፣ በ፣ ገ፣ ደ የሚለውን ጥንታዊ ተራ ነው። ብዙዎች በዚህ ምክንያት መጽሐፉን ዘግተው ያስቀምጡታል። ይሁን እንጂ ተራው በየቤታችሁ አለ፦ መዝሙረ ዳዊትን አውጥታችሁ 118ኛውን መዝሙር ግለጡ፤ በየክፍሉ አናት አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያለ እስከ ታው ይወርዳል። ያንን በወረቀት ገልብጣችሁ በመዝገበ ቃላቱ ሽፋን ውስጥ አኑሩና፣ በመጪው እሑድ ከምትዘምሩት መዝሙር አንድ ቃል ፈልጉ።